አፋችሁ በተፈታበት ቋንቋ ጀምሩ

ወሎ ውስጥ ከሚሴ ያደገ ወጣት በአንድ ቀን ስንት ጊዜ ቋንቋ እንደሚቀያይር ልብም አይለው። ቤቱ በኦሮምኛ፣ ሱቅ በአማርኛ ያወራል፤ ሰኞ ባቲ ገበያ ከወጣ ከአፋሩም ከአርጎባውም ጋር ተከራክሮ ይገበያያል። ያው ልጅ ክፍል ፊት ወይም ስብሰባ ላይ ሲቆም ግን አፉ ይደርቃል፣ ላብ ላብ ይለዋል። «አማርኛዬ ያስቅባቸው ይሆን?» «ኦሮምኛዬን የገጠር ነው ይሉት ይሆን?» ይህ ስጋት ስንቱን ጎበዝ ዝም አሰኝቷል! ከልቤ ያሳዝነኛል።

አፍ በተፈታበት ቋንቋ መናገር ግን አያሳፍርም። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆሙ። ፈረንሳይኛ አሳምረው ያውቁ ነበር፤ ጉባኤውም ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነበር። እሳቸው ግን አማርኛን መረጡ። ገና ሊጀምሩ ሲሉ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት አዳራሹን ቀወጡት። ንጉሠ ነገሥቱ ረባሾቹ እስኪወጡ ጸጥ ብለው ጠበቁ፤ ከዚያም ንግግራቸውን እስከ መጨረሻው አደረሱ። ሲደናገጡ ጥቂት ዝም ማለት ሽንፈት አይደለም፤ ለተናጋሪው ትንፋሽ ይሰጠዋል።

እናንተም የምትናገሩትን መጀመሪያ አፋችሁ በተፈታበት ቋንቋ ለእናታችሁ ወይም ለጓደኛችሁ ቡና ላይ ንገሩ። ሐሳቡ ከጠራ በሌላው ቋንቋ ማለቱ ይቀላል። ሁሉንም በቃል አትሸምድዱ፤ አንዲት ቃል ስትጠፋ ቀሪው አብሮ ይጠፋልና። የመክፈቻዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ አጥብቃችሁ ያዙ።

ልባችሁ ሲመታስ? ይምታ! ሰው ሲፈራም ሲጓጓም ልቡ ይመታል። የሃርቫርድ ተመራማሪዋ አሊሰን ዉድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት፣ ከንግግር በፊት ለራሳቸው «ጓጉቻለሁ» ያሉ ሰዎች «ተረጋግቻለሁ» ካሉት የተሻለ ተናግረዋል። ፍርሃቱን ከማባረር ወደ ጉጉት መመለስ ይቀላል ማለት ነው።

ደግሞስ በወሎ የተጣላን የሚያስታርቁት አበጋሮች መሣሪያቸው ንግግር አይደለም እንዴ? እነሱም ሽማግሌ ሆነው አልተወለዱም፤ መናገርንም እንደማንኛውም ሰው ቀስ በቀስ ነው የተማሩት። በቀበሌውም በትምህርት ቤቱም የእናንተ ሐሳብ የሚያስፈልገው ጉዳይ ሞልቷል።

በሚቀጥለው ስብሰባ እንግዲህ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። ግን መጨረሻ ድረስ አትጠብቁ፤ ፍርሃት በጠበቁት ቁጥር ያድጋል። ገና ሲጀመር እጃችሁን አውጡ።