የድንጋይ ሥራን ስለ መፈጸም

በዋግ አገር፥ ከሰቆጣ ከተማ አቅራቢያ፥ ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። ግድግዳው በጭቃ አልተመረገም፥ ጣራውም በሣር አልተከደነም፤ ከዓለት ተፈልፍሎ የወጣ ነው እንጂ። የቀድሞዎቹ የዋግ ሹማምንት አስከሬንም በዚያ በሣጥን ሆኖ አርፏል።

ቤት የሚሠራ ሰው ድንጋይ በድንጋይ ላይ ይጨምራል፤ ቢሳሳትም አፍርሶ እንደ ገና ይሠራል። ዓለት የሚፈለፍል ግን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። በላስታ፥ በላሊበላ ያለችው ቤተ ጊዮርጊስ ቁመቷ 12 ሜትር ያህል ሲሆን የተጠረበችው ከላይ ወደ ታች ነው። አንዱ በሌላው ውስጥ ሆነው በጣራዋ ላይ የሚታዩት መስቀሎች ሲቀረጹ፥ በሩ ገና በዓለቱ ውስጥ ተሰውሮ ነበር። ስለዚህ ጠራቢው ያላየውን በር ልክ አስቀድሞ በልቡ ሊይዝ ይገባው ነበር።

ልጆች ሆይ፥ ለእጅ ሥራ ትርኢት ከድንጋይ አንበሳ የሚቀርጽ ተማሪም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። አስቀድሞ ድንጋዩን በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ያዳምጣል፤ ድምፁ ጥርት ቢል ደኅና ነው፥ ቢታፈን ግን በውስጡ ስንጥቅ ሊኖር ይችላል። አፍንጫውን ከልኩ አተልቆ ይተወዋል፤ የተረፈው በኋላ ይቀነሳልና። ቀጭኑን ጆሮና ጅራት ወደ መጨረሻው ያቆየዋል፤ አለዚያ በሌላው ወገን የሚያርፈው መዶሻ ይሰብርበታል።

እስከዚህ ድረስ ብዙዎች ይታገሣሉ። የሚከብደው መሮው ከተቀመጠ በኋላ ያለው ነው። ድንጋዩን በሻካራ አሸዋና በውሃ፥ ቀጥሎም በደቃቁ አሸዋ ማሸት ያስፈልጋል፤ ይህም እጅን ያደክማል፥ ልብንም ያሰለቻል። ውሃውም ያታልላል፤ እርጥብ ድንጋይ ጭረቱን ይሰውራልና።

አንድ ልጅ በትርኢቱ ዋዜማ ማታ በመብራት ሲያሽ አምሽቶ፥ አንበሳው እንደ መስተዋት ሲያበራ ባየ ጊዜ፥ «ተፈጸመ!» አለ። ታላቅ ወንድሙም፥ «ይድረቅና እንየው» ቢለው ተቈጣ። በማለዳም በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ወሰደው። ሰዎችም ተሰብስበው አመሰገኑት። ፀሐይ ከፍ ባለች ጊዜ ግን ድንጋዩ ደረቀ፤ ያልታሸው ጭረት ሁሉ ከጆሮው እስከ ጅራቱ እንደ ነጭ ክር አንድ በአንድ ወጣ። መምህሩም ጭረቱን በጣቱ ተከትሎ፥ «ይህን መቼ አሸኸው?» አለው። ልጁም መልስ አጣ።

ትርኢቱ ካለፈ ከሦስት ቀን በኋላ ወንድሙ ከእርሻ ሲመለስ፥ ልጁ በደጅ ተቀምጦ አንበሳውን በጕልበቱ መካከል ይዞ አገኘው። ደቃቅ አሸዋ በቅል ቀርቦለት ነበር። አንዱን ወገን አሽቶ በፀሐይ አኖረው፥ እስኪደርቅም ድረስ እጁን አጣጥፎ ጠበቀ።