የእንስሳ ብልት በሰው አካል ቢተከል ያረክሳልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

መስከረም 21 ቀን የሚውለውን የእመቤታችንን በዓል ለማክበር ከሐይቅ ተነሥተን በአምባሰል ወደምትገኘው ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ በወጣንበት ጊዜ፥ አንዲት እናት የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጇን ደግፋ ዳገቱን ስትወጣ አገኘናት። ልጂቱ ጥቂት ርምጃ ተራምዳ ትቀመጣለች፤ ትንፋሿም ይቈራረጣል። እናቲቱ መስቀል ከተሳለመች በኋላ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ።

«አባቴ፤ ሐኪሞች የልጅሽ የልብ በር ተበላሽቷልና ካልተለወጠ ዕድሜዋ ያጥራል አሉኝ። የሚተካላት ግን ከእሪያ የተሠራ ነው። እኔ ጾሜን ጠብቄ የኖርሁ ሴት ነኝ። ልጄ ይህ ከተደረገላት ከቅዱስ ቍርባን ልትለይ ነውን? ረክሳ ከመኖርስ ንጽሕት ሆና መሞት አይሻላትምን?»

ይህ ጥያቄ የአንዲት እናት ብቻ አይደለም፤ ከእንግዲህ ወዲያ ብዙ ካህናት ይጠየቁበታል። ስለዚህ አስቀድመን ነገሩ ምን እንደ ሆነ፥ ቀጥሎ መጽሐፍ ምን እንደሚያስተምር፥ በመጨረሻም ከእኛ ምን እንደሚፈለግ በየተራው እንመልከት። የምጽፈው የአንድ መምህር ምክር እንጂ የቅዱስ ሲኖዶስ ውሳኔ አለመሆኑ ይታወቅልኝ።

፩. ነገሩ ምንድን ነው?

በሰው ልብ ውስጥ ደም ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከፈቱና የሚዘጉ አራት በሮች አሉ፤ ሐኪሞች ቫልቭ ይሏቸዋል። በልጅነት የያዘ የጉሮሮ ቍስል በጊዜው ሳይታከም ሲቀር፥ ሰውነት ጀርሙን ለመዋጋት ያስነሣው ኀይል ተመልሶ የራሱን ልብ ይወጋል፤ በሮቹም ይጠባሉ፥ ወይም መዝጋት ይሳናቸዋል። በአገራችን ብዙ ወጣቶችን ለልብ ሕመም የሚዳርጋቸው ይህ ነው።

የተበላሸውን በር የሚተካው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በሰው እጅ ከካርቦንና ከብረት የሚሠራው ሲሆን ለብዙ ዘመን ያገለግላል። ነገር ግን ደም እንዳይረጋ ዕድሜ ልክ መድኀኒት መዋጥንና ደምን ዘወትር ማስመርመርን ይጠይቃል፤ መድኀኒቱም በማኅፀን ያለውን ፅንስ ሊጎዳ ይችላል። ከሆስፒታል ርቃ በገጠር ለምትኖርና ነገ ለምታገባ ልጅ ይህ ከባድ ቀንበር ነው። ሁለተኛው ከእሪያ የልብ በር ወይም የከብትን ልብ ከሚሸፍነው ስስ ሽፋን የሚዘጋጀው ነው። ይህ በመድኀኒት ተነክሮ ሕይወት የሌለው ከሆነ በኋላ ይሰፋል። ዕድሜ ልክ ደም ማቅጠኛ መውሰድን አያስገድድም፤ ግን ከዐሥር እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ያረጃል፥ በወጣቶችም ከዚያ ይፈጥናል። የእሪያው በር በሰው ልብ የተተከለው በፓሪስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ሆነ ነገሩ አዲስ አይደለም።

አዲሱ ነገር ሕይወት ያለውን ሙሉ ብልት መትከል ነው። በአገራችን የኵላሊት ንቅለ ተከላ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በመስከረም 2008 ዓ.ም. ተጀምሯል፤ ኵላሊቱንም የሚሰጠው በሕይወት ያለ ዘመድ ነው። ነገር ግን በዓለም ሁሉ ፈላጊው ብዙ፥ ሰጪው ጥቂት ሆነ። ስለዚህ ሊቃውንት የሰው ሰውነት የእሪያን ብልት እንደ ጠላት ቈጥሮ እንዳይጥለው የእሪያውን ዘረ መል ለዋወጡ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 የእሪያ ልብ የተተከለለት ሰው ሁለት ወር ያህል ኖረ፤ በመጋቢት 2024 በቦስተን የእሪያ ኵላሊት የተቀበለውም ሁለት ወር ሳይሞላው ዐረፈ፤ በጥር 2025 ለሌላ ሰው የተተከለው ግን ከስምንት ወር በላይ ሠርቶ ወጣ። እንግዲህ ይህ ተስፋ ያለው ሙከራ ነው እንጂ ገና የተፈተነ ሕክምና አይደለም።

፪. መጽሐፍ ምን ያስተምራል?

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 እሪያ ሰኰናው ቢሰነጠቅም ስለማያመሰኳ እንዳይበላ ተከልክሏል። እኛም በአባቶቻችን ሥርዐት እሪያ አንበላም፤ ይህን ሥርዐት ማንም እንዲያቃልል አልጽፍም። ነገር ግን ክልከላው ስለ ምን ነው ቢሉ፥ ስለ መብል ነው። መብል በአፍ ገብቶ ሆድን ይሞላል፤ ይህ ግን በሐኪም እጅ ተሰፍቶ ነፍስን ያቆያል። «በድኑን መንካትም ተከልክሏል» የሚል ቢኖር፥ የሚበላው እንስሳ ሞቶ ቢገኝም በድኑን የነካ እስከ ማታ ርኩስ እንደሚባል በዚያው ምዕራፍ በቍጥር 39 ይመልከት፤ በዚህ በኩል በሬውና እሪያው አይለያዩም።

ጌታችን ዳዊት በተራበ ጊዜ ለካህናት ብቻ የተፈቀደውን ኅብስት እንደ በላ ለፈሪሳውያን አስታውሷቸዋል (ማቴ. 12፥3-4)፤ በጭንቅ ጊዜ ምሕረት እንድትቀድም ሲያስተምር ነው። በጌርጌሴኖንም አንድ ሰው ከአጋንንት ሲድን ሁለት ሺህ ያህል እሪያዎች በባሕር ጠፉ (ማር. 5፥13)። ይህስ ምንድን ነው ቢሉ፥ የአንድ ሰው መዳን ከመንጋው ሁሉ እንደሚበልጥ ሊያሳየን ነው።

«ልቧ የእሪያ ከሆነ ሐሳቧስ አይለወጥምን?» የሚሉም አሉ። መጽሐፍ ልብ ብሎ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ልቡና ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤል የድንጋይ ልብ ወጥቶ የሥጋ ልብ እንደሚሰጥ ሲናገር (36፥26) ስለ ቀዶ ጥገና አልተናገረም። በደረት ውስጥ ያለው ልብ ደምን ይገፋል፤ ንስሓ የሚገባው ግን ልቡና ነው።

ምስክሩም በአጠገባችን አለ። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ካስተማሯቸው አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። በጸሎት ብዛት እግራቸው ተሰብሮ ስለ ወደቀ ጥር 24 ቀን ስባረ ዐፅማቸውን እናከብራለን። አንድ እግር ስለ ጐደላቸው ቅድስናቸው ጐደለን? አልጐደለም፤ በትንሣኤም ምሉኣን ሆነው ይነሣሉ። እንግዲህ ብልት ቢቀነስ የእግዚአብሔር አርኣያ ካልተቀነሰ፥ ቍራጭ ቢጨመርም አርኣያው አይለወጥም።

፫. ከእኛ ምን ይፈለጋል?

መጀመሪያ፥ የደካማውን ኅሊና እንጠብቅ። ከከብት የተዘጋጀው የሚገኝ ከሆነና ሐኪሙ እኩል ይጠቅማል ካለ፥ ለኅሊና ዕረፍት እርሱን መምረጥ መልካም ነው። ካልተገኘ ግን የእሪያውን ያለ ፍርሀት ይቀበሉ፤ በዚህም ምክንያት ከቍርባን የሚከለክል ካህን አይኑር። ሁለተኛ፥ ሙሉ ብልት ስለ መትከል የሚጠየቅ ካህን ነገሩ ሙከራ መሆኑን ሳይሸሽግ ይንገር። ጻድቅ ለእንስሳው ነፍስ እንደሚራራ (ምሳ. 12፥10) ተጽፏልና ለሰው ሲባል የሚታረደው እንስሳም በጭካኔ አይያዝ።

ሦስተኛውና ዋናው ግን ይህ ነው። በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል ተከፍቶ ሕፃናት በአገራቸው መታከም ቢጀምሩም፥ ወረፋው ረዥም ነው፤ የጉሮሮ ቍስልን በፔኒሲሊን ማዳን ግን በቅርብ ጤና ጣቢያ ይቻላል። ልብን ያገኘው ሕመምም በየወሩ በሚሰጥ የፔኒሲሊን መርፌ እንዳይብስ ይጠበቃል። እኛ ካህናት ግን እንጥል ሲቈረጥ እያየን ዝም ብለናል፤ ጠበል የገባ ሰው መድኀኒቱን ሲያቋርጥም አልገሠጽንም። ሐኪምን የፈጠረ እግዚአብሔር እንደ ሆነ መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ያስተምራል፤ ጠበሉም መድኀኒቱም ከአንድ ጌታ ናቸው።

ለዚያች እናት በዳገቱ ላይ ወዲያው አልመለስሁላትም፤ መጽሐፍ ልመልከት ብዬ ቀጠርኋት። በሳምንቱ ስትመጣ «ልጄ፥ ሂጂ አሳክሚያት፤ ስትድን ይዘሻት ነዪና በእጄ አቈርባታለሁ» አልኋት። ልጂቱም ዛሬ ተራዋን እየጠበቀች ናት። እናንተም አንባብያን በጸሎታችሁ አስቧት፤ በየአጥቢያችሁ ጉሮሮው የታመመ ሕፃን ካለም ይህን መጽሔት አጥፋችሁ ሳትውሉ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።