የ«ሚም እገዳ» ስጋት እና የአውሮፓ ኅብረት የቅጂ መብት መመሪያ፦ የተፈራው የትኛው ረቂቅ ነበር?

እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 የአውሮፓ ኅብረት የቅጂ መብት ሕጉን ለማሻሻል ሲነሳ፣ ሚም ሊታገድ ነው፣ በሊንክ ላይ ግብር ሊጣል ነው፣ የምናውቀው ኢንተርኔት ሊያከትም ነው የሚሉ ማስጠንቀቂያዎች በተለይ በወጣቶች ዘንድ እንደ ሰደድ እሳት ተዛምተው ነበር። መመሪያው ጸድቋል፤ ሚሙም እንደ ቀድሞው ይዘዋወራል። ከዚህ በመነሣት «ድንጋጤው መሠረት የለሽ ነበር» የሚል ፍርድ በብዛት ይሰጣል። ይህ ፍርድ ግን አንድ የዘዴ ስህተት አለበት። በ2018 የተሰማውን ስጋት የሚመዝነው በ2019 በጸደቀው ጽሑፍ ነው። ስጋቱ መመዘን የሚገባው በተሰማበት ጊዜ ጠረጴዛ ላይ በነበረው ረቂቅ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአውሮፓ ኮሚሽን ረቂቁን ያቀረበው ሴፕቴምበር 14 ቀን 2016 ነው። ብዙ ያከራከረው አንቀጽ 13 ተጠቃሚዎች የሚጭኗቸውን ሥራዎች በብዛት የሚያከማቹ አገልግሎት ሰጪዎች የባለመብቶችን ሥራ የሚጠብቁ እርምጃዎችን እንዲወስዱ ያስገድድ ነበር። ለእርምጃውም ምሳሌ አድርጎ በስም የጠቀሰው ይዘትን የሚለይ ቴክኖሎጂን ነው። ስለ ፓሮዲ፣ ስለ ጥቅስ ወይም ስለ ሂስ በአንቀጹ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ለፓሮዲ የሚሰጠው ነፃነት በ2001ዱ መመሪያ ውስጥ ቢኖርም፣ በሕጋቸው ማካተት አለማካተቱ ለአባል አገራት ፈቃድ የተተወ ነበር።

እዚህ ላይ የቴክኖሎጂውን አሠራር መረዳት ያስፈልጋል። ባለመብቱ የሥራውን ቅጂ ለመድረኩ ይሰጣል፤ ሥርዓቱ ከቅጂው እንደ ጣት አሻራ ያለ መለያ ያወጣና አዲስ የሚጫነውን ሁሉ ከመለያው ጋር ያነጻጽራል። አንድ ዜማ በቪዲዮው ውስጥ ለ12 ሰከንድ መሰማቱን ሊያውቅ ይችላል። ዜማው የተሰማው ለስርቆት፣ ለሂስ ወይም ለቀልድ መሆኑን ግን አያውቅም። ዩቲዩብ ይህን መሰሉን ሥርዓት ከ2007 ጀምሮ ሲጠቀምበት ስለቆየ ማጣሪያው ራሱ አዲስ ነገር አልነበረም። አዲሱ ነገር አንድ ድርጅት በራሱ ፈቃድ ሲሠራበት የነበረው ልማድ ወደ ሕግ ግዴታነት መቃረቡ ነው። ስለ ሚም ሞት የሚያወሩት መልእክቶች ይህን ዋና ነጥብ እምብዛም አያነሱትም ነበር፤ አስፈሪ ሥዕል ከሕግ ትንታኔ ይልቅ ቶሎ ይሄዳልና።

ጁላይ 3 ቀን 2018 የጣልያንኛው ዊኪፒዲያ ገጾቹን ለተቃውሞ ዘጋ። ከሁለት ቀን በኋላ ፓርላማው የኮሚቴውን ጽሑፍ ይዞ ወደ ድርድር መግባትን በ318 ተቃውሞ፣ በ278 ድጋፍ ጣለው። ይሁን እንጂ በሴፕቴምበር 12 የተሻሻለውን አቋም በ438 ድጋፍ፣ በ226 ተቃውሞ ተቀበለ። በኦክቶበር የዩቲዩብ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ራሳቸው የቪዲዮ አዘጋጆች አንቀጹን እንዲቃወሙ ጥሪ አቀረቡ። የሕዝብ ስጋትና የኩባንያ ጥቅም በአንድ መፈክር ሥር መሰለፋቸው ለመመሪያው ደጋፊዎች ምቹ መልስ ሆነላቸው፤ ለፓርላማ አባላት የሚጎርፈው ኢሜይል የማሽን ሥራ ነው የሚል ክስ ተሰማ። ኮሚሽኑም በፌብሩዋሪ 2019 ተቃዋሚዎቹን ከመንጋ የቆጠረ ጽሑፍ አውጥቶ ብዙም ሳይቆይ አነሣው። ማርች 23 በጀርመን ከተሞች አደባባይ የወጡት ሰልፈኞች «እኛ ቦት አይደለንም» የሚል መፈክር ያነገቡት ለዚህ ነበር። ተቃዋሚዎቹ አጋንነዋል፤ ሆኖም ማጋነናቸውን ምክንያት አድርጎ ጥያቄያቸውን ጨርሶ አለማድመጥ የባሰ ጥፋት ነበር።

ማርች 26 ቀን 2019 መመሪያው በ348 ድጋፍ፣ በ274 ተቃውሞና በ36 ድምፀ ተዓቅቦ ጸደቀ። በአንቀጾቹ ላይ ለየብቻ ድምፅ እንዲሰጥ የቀረበው ሐሳብ የወደቀው በ317 ለ312፣ በአምስት ድምፅ ልዩነት ብቻ ነው፤ አንዳንድ አባላት በኋላ የተሳሳተ ቁልፍ መጫናቸውን አስታውቀዋል። አንቀጽ 13 አሁን አንቀጽ 17 ሆኗል። ይዘትን የሚለይ ቴክኖሎጂ ከአንቀጹ ወጥቶ «የተቻለውን ሁሉ ጥረት» የሚል መለኪያ ተተክቷል። ጥቅስ፣ ሂስ፣ ካሪካቸርና ፓሮዲ በሁሉም አባል አገራት የተጠበቁ ሆነዋል። ለትርፍ ያልቆሙ የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀቶች ከግዴታው ውጪ ናቸው። ሦስት ዓመት ያልሞላቸውና ዓመታዊ ገቢያቸው ከ10 ሚሊዮን ዩሮ በታች የሆነ አገልግሎቶች ግዴታቸው ቀልሏል። የዜና አሳታሚዎችን መብት የሚደነግገው አንቀጽ 15 ሊንክን በግልጽ አይነካም። በመንግሥታት መካከል የተደረገው ድርድርና የሕግ ምሁራን ትችትም የየራሳቸው ድርሻ ስላላቸው ለውጡን ሁሉ ለጩኸቱ መስጠት አይቻልም። ቢሆንም ጽሑፉ እየተለወጠ የሄደው ጩኸቱ በበረታባቸው ወራት ስለነበር፣ ስጋቱን በመጨረሻው ጽሑፍ «ሐሰት ነበር» ማለት ተከሳሹ ጠባዩን ካረመ በኋላ ከሳሹን ውሸታም እንደ ማለት ነው።

የማጣሪያው ጥያቄ ግን አልተዘጋም። ፖላንድ አንቀጽ 17 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ይጥሳል ብላ ለኅብረቱ ፍርድ ቤት አቤት አለች። ፍርድ ቤቱ ኤፕሪል 26 ቀን 2022 አቤቱታውን ውድቅ አደረገ። ነገር ግን በውሳኔው ሁለት ነገሮችን አስፍሯል፤ አንደኛ፣ ብዙ ይዘት የሚጫንባቸው መድረኮች ግዴታቸውን ለመወጣት በተግባር ከራስ ሰር ማጣሪያ ሌላ አማራጭ የላቸውም። ሁለተኛ፣ የተፈቀደውን ካልተፈቀደው በበቂ ሁኔታ የማይለይ ማጣሪያ ከነፃነቱ ጋር አይጣጣምም። «ማጣሪያ አይመጣም» ይሉ የነበሩት ደጋፊዎች በመጀመሪያው ነጥብ ተረትተዋል ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ነጥብ በተግባር ምን ሊመስል እንደሚችል ከውሳኔው በፊት የወጣው የጀርመን ሕግ ያሳያል። ከኦገስት 1 ቀን 2021 ጀምሮ የጸናው ይህ ሕግ እስከ 15 ሰከንድ የሚደርስ የፊልም ወይም የድምፅ ቁራጭ፣ እስከ 160 ፊደል የሚደርስ ጽሑፍ ወይም እስከ 125 ኪሎባይት የሚደርስ ምስል ለንግድ ላልሆነ ወይም እዚህ ግባ የማይባል ገቢ ለሚያስገኝ ጥቅም ሲውል፣ ከሥራው ከግማሽ በታች ከሆነና ከሌላ ይዘት ጋር ከተዋሐደ እንደ ተፈቀደ ይገምታል፤ ምስል ግን በሙሉ ቢወሰድም አይከለከልም። ባለመብቱ ቅሬታ ቢያቀርብም ጉዳዩ እስኪታይ ድረስ ይዘቱ በመሠረቱ ከቦታው አይነሳም። ሕግ አውጪው ቀልድን በሰከንድና በኪሎባይት ለመስፈር የተገደደው ማሽኑ መቁጠር የሚችለው እነዚህን በመሆኑ ነው።