ሕመሙን መናገር ለማይችለው ማን ይናገርለት?

አነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ አእምሮዋ ላይ አንዳች ችግር የነበረባት ሴት ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቀርባ ጉዳይ እንዳላት ነገረቻቸው። እርሳቸውም በአክብሮት ጠርተዋት የፈለገችውን መንገድ እንድትመርጥ ፈቀዱላት። ጉዳይዋም እስኪያልቅ ድረስ አብረዋት ቆሙ።

ከዚህ ሐዲስ ሦስት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ የተደመጠችው ሴትየዋ ራሷ ነች። ሁለተኛ፣ ቦታውን የመረጠችው እርሷ ነች። ሦስተኛ፣ ጊዜ ተሰጥቷታል። እስቲ እነዚህን ሦስቱን ይዘን የዛሬውን የሕክምና አሰጣጥ እንመልከት።

የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ሰው ከሌላው ይበልጥ ሐኪም ያስፈልገዋል። የሚጥል በሽታ በእነዚህ ወገኖች ላይ ከሌላው ሕዝብ በብዙ እጥፍ ይታያል። ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ደግሞ የልብ፣ የጆሮ፣ የዓይንና የታይሮይድ እጢ ችግር ይበዛባቸዋል። አብዛኛው በጊዜ ከተደረሰበት የሚታከም ነው። ችግሩ ብዙዎቹ «እዚህ ጋ አመመኝ» ብለው መናገር አለመቻላቸው ነው። ጥርሱን ያመመው ምግብ እምቢ ይላል፤ ሆዱ የደረቀበት ይጮኻል፤ ጆሮው የመገለበት ራሱን ከግድግዳ ያጋጫል። እኛ ግን «ያው አመሉ ነው» ብለን እናልፈዋለን፤ ወይም ሁሉን በጅን እናሳብባለን። ሩቅያ ማስቀራት መልካም ነው፤ ነገር ግን ታከሙ ብለው ያዘዙንም እኚያው ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው።

ይህ ስህተት የቤተሰብ ብቻ አይደለም። በአንድ ጤና ጣቢያ ወረፋ ስጠብቅ፣ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ጎልማሳ ከእናቱ ጋር ገባ። ባለሙያው እናትየውን ብቻ ጠይቆ፣ ልጁን ቀና ብሎ ሳያይ ማስታገሻ ጽፎ ሸኛቸው። ሆዱ አልተዳሰሰም፣ አፉ አልታየም። በእንግሊዝ አገር የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ እነዚህ ወገኖች ከሌላው ሰው በአማካይ 20 ዓመት ያህል ቀድመው ይሞታሉ፤ ከሞቱም ብዙው በጥሩ ሕክምና ሊወገድ የሚችል ነው። በዚያ አገር ከ14 ዓመት ጀምሮ በሰፈር ሐኪም ዘንድ በየዓመቱ ሙሉ ምርመራ የሚደረግላቸውም ስለዚህ ነው።

በአገራችን በ2003 (እ.ኤ.አ) የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ2009 ወደ ከተሞችም ገብቷል። ኢትዮጵያ በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም ሕክምና በሚኖሩበት አካባቢ እንዲቀርብላቸው ያዛል። እንግዲህ ባለሙያዋ ደጃችንን ስታንኳኳ ልጃችንን ጓዳ ከደበቅነው፣ ጥፋቱ የማን ነው?

እኔ እንደማምነው መጀመር ያለብን ከቀላሉ ነው። ቤተሰብ የልጁን ባሕርይ ለውጥ፣ የሚወስደውን መድኃኒትና የሚጥለውን ቀን በደብተር ይመዝግብ፤ ደብተሩን ያልያዘ አስታማሚ ብዙ ይረሳል። ባለሙያው በቅድሚያ በሽተኛውን በስሙ ጠርቶ ያናግር፤ ባሕርዩ ሲለወጥም ከማስታገሻ በፊት ጥርሱን፣ ጆሮውንና ሆዱን ይፈትሽ። ጀምዓችን ደግሞ አሮጊት እናት የምታስታምማቸውን ቤቶች ለይቶ ይወቅ፤ ለታክሲና ለመድኃኒት ከሰደቃው ይመድብ፤ እናትየው ስትሞት ማን እንደሚረከብ ዛሬውኑ ይነጋገር።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ኒሳእ 5ኛ አንቀጽ ንብረታቸውን ማስተዳደር የማይችሉትን እንድናበላቸው፣ እንድናለብሳቸውና በመልካም ቃል እንድናናግራቸው አዟል። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) እርዳታና ሲሳይ የምናገኘው በደካሞቻችን ምክንያት መሆኑን አስተምረዋል። ታዲያ የሲሳያችንን ሰበብ ጓዳ ዘግተንበት በረካ ከወዴት እንጠብቃለን?

አላህ አደራቸውን ከሚወጡት ያድርገን። አሚን።