አድሚኑም ይሠልጥን!

ማንም ሳይከፍላችሁ፣ ከእንቅልፋችሁ ቀንሳችሁ የቴሌግራምና የፌስቡክ ግሩፖችን የምትጠብቁ አድሚኖች፣ ዛሬ የምጽፈው ለእናንተ ነው። ስድቡን የምታጠፉት እናንተ፣ የተጣሉትን በውስጥ መስመር የምታስታርቁት እናንተ፣ አዲስ ገቢውን ተቀብላችሁ መንገዱን የምታሳዩትም እናንተ! አንዱ አባል ከጎንደር፣ ሌላዋ ከቤይሩት፣ ሦስተኛው ከዋሽንግተን ይጽፋል። እምነታቸው፣ ብሔራቸው፣ ዕድሜያቸው፣ የትምህርት ደረጃቸው ይለያያል። ይህን ሁሉ ሰው አንድ ላይ ማቆየት ትልቅ ችሎታ ነው፤ ችሎታ ደግሞ በልምምድ ያድጋል። የብዝኃነት ሥልጠና ለትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

«እኔ ሰው አልለይም» የሚል አድሚን ከልቡ እንደሚናገር አምናለሁ። ነገር ግን ያልተነበበ መልእክት ተከምሮ ሲጠብቅ ዓይን ይቸኩላል። የለመድነው ሰው የጻፈውን «ኧረ እሱ ቀልደኛ ነው» ብለን እናልፈዋለን፤ ያንኑ ቃል የማናውቀው ሰው ሲጽፈው ጣታችን ማጥፊያው ላይ ያርፋል። የዕድር ዳኛ ባለጉዳዮቹን ፊት ለፊት ያያል፣ ለቅሶ ቤትም አብሯቸው ተቀምጧል። አድሚን የሚያየው ስምና ትንሽ ፎቶ ብቻ ነው። የቀረውን በግምት ይሞላዋል፤ ፍርድ የሚዛባውም እዚያ ላይ ነው።

ሥልጠና ስል አዳራሽ ተከራዩ፣ የምስክር ወረቀት አሳትሙ ማለቴ አይደለም። አንድ ምሽት ይበቃል። ከአድሚኖቹ አንዱ በቅርቡ የጠፉና አቤቱታ ቀርቦባቸው የታለፉ አስተያየቶችን ይሰብስብ፣ ስምና ፎቶውን ይሸፍን። ሌሎቹ ሳይመካከሩ በእያንዳንዱ ላይ «ይለፍ»፣ «ይመከር» ወይም «ይጥፋ» ብለው ይጻፉ። ከዚያ ስሞቹ ይገለጡ። ለምሳሌ «የማያውቁትን ከመዘባረቅ ዝም ማለት ይሻላል» የሚል አስተያየት አለ እንበል። ስሙ ተሸፍኖ ሳለ ሁላችሁም «ይመከር» ልትሉ ትችላላችሁ። ሲገለጥ ግን ይህን የጻፈው ነባር አባል ማንም ሳይናገረው ቀርቶ፣ ተመሳሳዩን የጻፈችው አዲስ ገቢ ተባርራ ልታገኟት ትችላላችሁ። ይህን በገዛ ዓይናችሁ ስታዩ አንገት አትድፉ። ያየ ሰው ያስተካክላል! የተባረረችውን መልሱ፣ ነባሩንም በአክብሮት ምከሩ።

በእኛ ግሩፖች ልዩ ልምምድ የሚሻ ነገር አለ። አንድ ሰው ስለ ኑሮ ውድነት ሐሳብ ይሰጣል፤ መልሱ «የየት አካባቢ ልጅ ነህ?» የሚል ይሆናል። ስድብ የለበትም፣ ስለዚህ ብዙ አድሚን ያልፈዋል። ተጠያቂው ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ስለ ሐሳቡ መናገሩን ትቶ ስለ ማንነቱ መከላከል ይጀምራል፤ አንዳንዱም ጭራሽ ተመልሶ አይጽፍም። የሠለጠነ አድሚን ነገሩ ሳይከር «ወደ ሐሳቡ እንመለስ» ብሎ ይገባል። ከነገው ጀምሮ ልትለምዱት ትችላላችሁ።

ሕጎቻችሁንም በሌላው ሰው ቦታ ቆማችሁ ፈትሿቸው። «የድምፅ መልእክት ክልክል ነው» የሚለው ሁሉንም እኩል የሚነካ ይመስላል። በሰው ቤት ተቀጥራ ውላ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስልኳን የምታገኝ፣ መጻፍ የሚከብዳት እህታችን ግን ስለ ደመወዟ የምትጠይቅበት ሌላ መንገድ የላትም። አንድ ደቂቃ ብትፈቅዱላት ግሩፑ ምን ይጎድልበታል?

ይህ ሁሉ ልፋት ፍሬ እንዳለው በጥናት ታይቷል። ናታን ማቲያስ የተባለው ተመራማሪ ሬዲት ላይ ካለው ትልቅ የሳይንስ መወያያ በጎ ፈቃደኛ አድሚኖች ጋር በ2,190 ውይይቶች ላይ ሙከራ አደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ነው። ሕጉ በውይይቱ አናት ላይ በግልጽ ሲለጠፍ ሕግ የሚያከብሩ አዲስ ገቢዎች ድርሻ ከ8 መቶኛ ነጥብ በላይ ከፍ አለ፣ የአዲስ ገቢዎች ተሳትፎም በአማካይ በ70 በመቶ ጨመረ። ሰው የሚጠበቅበትን ሲያውቅ ይደፍራል! በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ የሬዲት ጥናት ደግሞ ጽሑፋቸው ለምን እንደጠፋ የተነገራቸው ሰዎች ቀጥሎ የሚጽፉት የመጥፋት ዕድሉ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ስለዚህ ስታጠፉ ምክንያቱን በአንድ መስመር ንገሩ፤ ያችን መስመር አትሰስቱባት።

ከሁሉ የሚያበረታኝ ግን ሌላ ነው። ፍራንክ ዶቢንና አሌክሳንድራ ካሌቭ የተባሉ የሶሲዮሎጂ ምሁራን የአሜሪካ ኩባንያዎችን የብዝኃነት ሥልጠና ለዓመታት አጥንተዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 እንደጻፉት፣ በግዴታ የሚሰጥ ሥልጠና እልህ ያጋባል፤ ሰው ወዶ የሚገባበት ግን የተሻለ ውጤት ያመጣል። እናንተ ደግሞ ለሥራው የመጣችሁት ወዳችሁ ነው፤ ኩባንያዎች በገንዘብ የማይገዙትን ፈቃድ ይዛችሁ ነው የምትጀምሩት።

እንግዲህ የአድሚኖቹን ዝርዝር አሁን ክፈቱ። ሁላችሁም የአንድ ሰፈር፣ የአንድ ዕድሜ ሰዎች ናችሁ? ሴት አለች? ከዐረብ አገር የሚጽፍ አለ? በግሩፑ ውስጥ ሰው ስታረጋጋ፣ የተጠየቀችውን በትዕግሥት ስትመልስ የምታዩዋት አንዲት አባል አትጠፋም። ዛሬ ማታ በውስጥ መስመር ጻፉላት፤ አብራችሁ እንድትሠራ ጠይቋት፣ ስም የተሸፈነበትን ልምምድም ከእሷ ጋር ጀምሩት።