ትምህርት 14፦ የአሠራር ቅደም ተከተልን የሚያስረዳ ድርሰት

አንድ ሥራ እንዴት እንደሚከናወን የሚያስረዳ ድርሰት ተነቦ ብቻ የሚተው አይደለም፤ አንባቢው የተጻፈውን ተከትሎ ሥራውን በእጁ ይፈጽማል። ስለዚህ የቅደም ተከተሉ መዛባት የጽሑፍ ጉድለት ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ሥራውንም ያበላሻል። ቀጥሎ ያለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ሀ. ምንባብ

ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያነሱ ሞዴል ባቡሮች በአውሮፓና በአሜሪካ በብዙ ቤቶች ይገኛሉ። በቀድሞው የአናሎግ ሥርዓት፣ መቆጣጠሪያው ወደ ሐዲዱ የሚልከው ቮልቴጅ ሲጨምር ባቡሩ ይፈጥናል፤ ሲቀንስ ይዘገያል። በመሆኑም በአንድ ሐዲድ ላይ የቆሙ ሁለት ሎኮሞቲቮች አንዱ ሲሄድ ሌላውም ይሄዳል። በዲጂታል ሥርዓት ግን ትእዛዙ ከኃይሉ ጋር በሐዲዱ ይተላለፋል። በየሎኮሞቲቩ ውስጥ የተተከለው ዲኮደር የተባለው መሣሪያም የራሱን ቁጥር የያዘውን ትእዛዝ ብቻ ይፈጽማል። በጀርመኑ የሌንዝ ኩባንያ ሥራ ላይ ለተመሠረተው ሥርዓት የአሜሪካ ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደረጃ አውጥቶለታል።

ሎኮሞቲቩን የሚለውጠው ሰው በመጀመሪያ በአሮጌው መቆጣጠሪያ ነድቶ ደኅንነቱን ያረጋግጣል። ቀጥሎ አሮጌውን መቆጣጠሪያ ከሐዲዱ ፈጽሞ ያላቅቃል፤ አሮጌውና አዲሱ በአንድ ሐዲድ ላይ ቢገናኙ ሊበላሹ ይችላሉና። ከዚያም ክዳኑን ከፍቶ፣ የሞተሩን ሁለት ጫፎች ከሐዲዱ ኃይል ለይቶ፣ የዲኮደሩን ቀይና ጥቁር ሽቦዎች ከሐዲዱ ኃይል መቀበያዎች፣ ብርቱካናማውንና ግራጫውን ከሞተሩ ጋር ያገናኛል። በመጨረሻም ሎኮሞቲቩን አነስተኛ ኃይል ባለው መሞከሪያ ሐዲድ ላይ አቁሞ ይፈትነዋል። ፈተናውን ካለፈ በኋላ ወደ ዋናው ሐዲድ ያወጣዋል።

ለ. ማብራሪያ

1. «ነድቶ»፣ «ከፍቶ»፣ «ለይቶ»፣ «አቁሞ» ቦዝ አንቀጾች ናቸው። ዐረፍተ ነገሩን አያስሩም፤ ከማሰሪያው አንቀጽ በፊት የሚፈጸመውን ድርጊት በተራው ያመለክታሉ። «ሞተሩን ይለያል፤ ዲኮደሩንም ያገናኛል» ቢባል ግን የትኛው እንደሚቀድም በግልጥ አይታወቅም።

2. የሚከተሉትን አነጻጽሩ፦

«ሞተሩን ለይቶ ዲኮደሩን ያገናኛል።»
«ሞተሩን ሳይለይ ዲኮደሩን ያገናኛል።»

ሁለቱም በሰዋስው ረገድ እንከን የላቸውም። ነገር ግን ሁለተኛውን አምኖ የሠራ ሰው ኃይል በለቀቀ ጊዜ፣ የሐዲዱ ኃይል በሞተሩ በኩል ወደ ዲኮደሩ መውጫ ገብቶ ያቃጥለዋል። ስለዚህ ጸሐፊ ዐረፍተ ነገሩ መስተካከሉን ብቻ ሳይሆን ነገሩ እውነት መሆኑንም መመርመር አለበት።

3. «ሊበላሹ ይችላሉና» በሚለው ሐረግ መጨረሻ ያለው «ና» ምክንያትን ያመለክታል። አንባቢ ምክንያቱን ያወቀውን ትእዛዝ በቀላሉ አይዘነጋም።

ሐ. መልመጃ

1. «ካለፈ በኋላ» የሚለውን «ሳያልፍ» በሚለው ተክታችሁ የሐሳቡን ለውጥ አስረዱ።

2. የሚከተሉትን በቦዝ አንቀጽ አያይዛችሁ አንድ ዐረፍተ ነገር አድርጉ፦ ክዳኑን ይከፍታል። ሽቦዎቹን ይለያል። ክዳኑን ይመልሳል።

3. የተነፈሰ የብስክሌት ጎማ እንዴት እንደሚለጠፍ ከ10 በማይበልጡ ዐረፍተ ነገሮች ጻፉ። ከዚያም ሥራውን ለማያውቅ ጓደኛችሁ አስነብቡት፤ የሚቀድመውን እናንተን መጠየቅ ካስፈለገው ያንን ስፍራ እንደገና ጻፉት።