ጊንጥ ሲነድፍ በነርቭ ላይ የሚሆነው

በኡም ጋርጉር ጫማውን ሳያራግፍ የሚያደርግ ልጅ ብዙ ነው። በዚህ ዓመት አንዱን የአራተኛ ክፍል ተማሪያችንን ጊንጥ እግሩን ነደፈው። እኛም ደንግጠን እግሩን በገመድ ጠፍረን አሰርነው፤ ስሕተት ነበር። ልጁ ታክሞ ድኖ ሲመለስ ግን ጠየቀን፦ «የተነደፍኩት እግሬን፤ ታዲያ ለምን መላ ሰውነቴን አላበኝ? ልቤስ ለምን ሮጠ?» የዚያን ቀን በቂ መልስ አልነበረንም።

በነርቭ ሕዋስ ሽፋን ላይ ጥቃቅን በሮች አሉ፤ ቻናል ይባላሉ። የሶዲየሙ በር ሲከፈት ሶዲየም ወደ ውስጥ ይገባል፣ የኤሌክትሪክ ምልክትም በነርቩ ላይ ይሮጣል። በሩ ወዲያው፣ ዓይን ከመጨፈን በፈጠነ ጊዜ፣ መልሶ ይዘጋል። ምልክቱ የነርቩ ጫፍ ሲደርስ ደግሞ የካልሲየም በር ይከፈታል። ካልሲየም ሲገባ በጫፉ የተከማቹት ጥቃቅን ከረጢቶች ከሽፋኑ ጋር ይጣበቁና የያዙትን ኬሚካል ወደ ውጭ ያፈሳሉ። አሴቲልኮሊን ላብና ምራቅ ያመጣል፤ ኖርአድሬናሊን ልብን ያስሮጣል። ነርቭ በኬሚካል እንደሚናገር ኦቶ ሎዊ በ1921 እ.ኤ.አ. በሁለት የእንቁራሪት ልቦች አሳይቷል፤ የአንዱን ነርቭ ነክቶ ልቡ ሲዘገይ፣ ፈሳሹን ወደ ሌላው ቢያፈስ ያም ዘገየ።

በሱዳን የሚገኘው ቢጫ ጊንጥ መርዙ የሶዲየሙ በር ቶሎ እንዳይዘጋ ይይዘዋል። ነርቩ ሳያቋርጥ ይጮኻል፣ ከረጢቶቹም ማፍሰሳቸውን አያቆሙም። መርዙ በደም ስለሚሰራጭ እግር ላይ አይቀርም። መቆንጠጫው ቀጭን ነው ብሎ መናቅ አያዋጣም። የሕፃን ሰውነት ትንሽ ስለሆነ ያው መርዝ ይበረታበታል።

ስለዚህ ወላጆች፣ ልጁ ካላበው፣ ምራቁ ከተዝረከረከ፣ ካስመለሰው ወይም ትንፋሽ ካጠረው ሌሊትም ቢሆን ወደ ሕክምና ይወሰድ። ቦታውን መብጣት፣ መምጠጥና ማሰር ይቅር፤ ገመዱ እግሩን ከመጉዳት በቀር የሚፈይደው የለም።

ይህን ለልጁ ስንነግረው «መድኃኒቱ በሩን ይዘጋዋል?» አለን። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሐኪሞች የሚሰጡት ፕራዞሲን በሩን አይነካውም፤ ኖርአድሬናሊን የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል። መርዙን ራሱን የሚይዘው የመርዝ ማርከሻው ነው፤ እርሱም በቶሎ ሲሰጥ ይሻላል።